ነጭ ነጩን የሚያነሳው ስካነር

ዓርብ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017

ታላቅ የኀዘን መግለጫ። ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤትና በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ለምትገኙ ሁሉ። በእትዬ ሠናይት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ለብዙ ዘመን ሲያገለግል የኖረው የኮፒ ማሽን፣ ባደረበት የመጋል ሕመም በቤቱ ሰዎች ጥፊና ቡጢ ሲረዳ ቆይቶ ዛሬ ከምሳ በፊት ዐርፏል። ሟች ትዕግሥተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ወረቀት ደግሞ በጣም ወዳድ ነበር፤ ከመውደዱ የተነሳ አንዳንዱን ወረቀት ጭራሽ አይመልስም። የቀብሩ ቦታ ጓሮ ነው።

ይህን በትልልቅ ፊደል አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አንብቦ እንደሚገባ ዛሬ አወቅኩ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች። እትዬ ሠናይት ደንግጣ ማን ሞተብሽ ትላታለች፣ ሴትዮዋ ኧረ ያንቺ ነው የሞተው ትላታለች። ሁለቱ ተቃቅፈው የቆሙት ለማን እንደሚያለቅሱ ሳይስማሙ ነው። እኔን ሲጠይቁኝ በእናቴ ምዬ አላየሁም አልኩ።

ከዚያ ተነበበ። ተቀደደም።

እትዬ ሠናይት የእናቴ ታናሽ እኅት ናት። አሥረኛ ክፍልን ሁለቴ ሞክሬ እንቢ ሲለኝ አምጥታ ከኮምፒውተር ፊት ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። አልጮኸችም። ሳትጮህ ስትናገር ነው የሚያስፈራው። "ቴዎፍሎስ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ቀልድ። አንድ ብቻ። በነጋታው ደነባ ነህ።"

ደነባ እናቴ አለች፤ እሷን እወዳታለሁ። የእንጀራ አባቴም አለ። እሱ ከእኔ ጋር የሚነጋገረው በበጎቹ በኩል ነው፤ በጉን "ይሄ ልጅ እስካሁን አልተነሳም?" ይለዋል። በጉ ዝም። እኔም ዝም። እዚያ ቤት ተመልሼ አልገባም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስካነር ተገዛ። አሮጌ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር መጣ። ቀጭን ነው፣ እንደ ትሪ በአንድ እጅ ይነሳል። ክዳኑን ትከፍታለህ፣ መስተዋቱ ላይ ወረቀት ታደርጋለህ፣ ከሥር መብራት ይሄዳል፣ ምስሉ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል።

አይወጣም። ማስጀመሪያው ሲዲ ላይ ነው፤ የእኛ ኮምፒውተር የሲዲ አፍ የለውም። ቢኖረውም ሲዲው ተጭሯል።

ሰላሀዲን ፍላሽ ይዞ መጣ። ሰላሀዲን የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ የሱቃችንን ግማሽ ተከራይቶ ስልክ ይጠግናል። በፍላሹ ስካነር የሚያሠራ ሶፍትዌር አለ። ነፃ ነው አለኝ። ማን ነው የሚሰጠው ብዬ ጠየቅኩት፤ የሚሠሩት ሰዎች አለ። ለምን አልኩት፤ እንዲሁ አለ። በየአገሩ ተቀምጠው በደቦ ይሠሩታል፣ አሠራሩም ክፍት ነው፣ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ የተበላሸውን ያቃናል።

ደቦ ጠላ አለው። የነዚህን ጠላ ማን ጠመቀ? አንድም ሰው ሳያበላቸው የሚያርሱ ሰዎች መሬቱን ሊወስዱት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ሰላሀዲንም እንዲህ ደግ የሆነብኝ ዛሬ ነው። ትናንት የቻርጀር ገመድ እንኳ አውሰኝ ስለው አኩርፎኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አልገባም። ድራይቨር፣ ያ ማስጀመሪያው፣ የለም ይላል። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ሌላ ቀዳዳ። መብራት ሄደ።

መብራት መጣ። እንደገና ከሀ።

ሰላሀዲን ከኢንተርኔት ድራይቨሩን አወረደ። "መሣሪያ ምረጥ" የሚለው ላይ የስካነሩ ስም ብቅ አለ። ሰላሀዲን ያላየ መስሎ ወደ ስልኮቹ ዞረ። ሲስቅ ግን ትከሻው ይታያል።

መጀመሪያ ያነሳሁት ጉንጬን ነው። መስተዋቱ ላይ ለጥፌ። የተጨፈለቀ ድንች መስዬ ወጣሁ። እትዬ ሳታይ አጠፋሁት። ተለውጫለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ትልቅ ሰው መጣ። የኔታ ገብረ ሕይወት ይባላሉ፤ ከአንኮበር በታች ያለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። አባታቸው በብራና በእጃቸው የጻፉት የዜማ መጽሐፍ አላቸው። ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት አባታቸው ከመምህራቸው የተቀበሉት ነው፣ ሌላ ቦታ የለም። የአንኮበር ጉም እየገባ ቀለሙን እየላሰው ነው። የየኔታም ዓይን እንደዚያው። ሳይጠፋ በፍላሽ ተቀምጦ ለተማሪዎቻቸው እንዲደርስ ይፈልጋሉ።

ከዚህ በፊት አንድ ኮፒ ቤት ሄደው መጽሐፉን ሲያንገላቱት አይተው ይዘው ተመልሰዋል። እትዬ ይህን ስትሰማ ቶሎ ብላ "ይሄ እኮ ኮፒ አይደለም የኔታ፤ ፎቶ ነው" አለቻቸው። እሳቸውም ፎቶ ከሆነስ ደግ አሉ። እትዬ ደስ ብሏታል። የየኔታ ሥራ ካማረ የየደብሩ ካህን ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል ትላለች።

መጽሐፉን ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። መንገደኛም አያየውም። ስለዚህ ስካነሩ ጥግ ላይ ሆኖ በአንሶላ ተጋረደ። እሳቸው ከመጋረጃው ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ኮምፒውተሩ ላይ። አስተካክለው "ሆነ" ሲሉ እኔ እነካዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ነጭ።

"ሆነ" አሉ፣ ነካሁት፣ ነጭ። ገጽ ገለጡ፣ "ሆነ"፣ ነጭ። ግማሽ ቀን ሙሉ እንደዚህ። የኔታ ከውስጥ በዝግታ ሳል ሳል እያሉ ይገልጣሉ፤ እኔ ከውጭ ላብ በላብ። ጥቁር አድርጌ አየሁት፣ ብርሃን ቀነስኩ፤ ነጭ። በጣም ሳቀርበው ቀጫጭን መስመር አለ፣ የተጠላለፈ። ሶፍትዌሩ ነው። ወይም አንድ ሰው በሶፍትዌሩ በኩል የሠራው ነው።

የኔታ ሲወጡ እንዴት ነው አሉኝ። በጣም ጥሩ ነው አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት እሳቸው ሳይመጡ የራሴን መታወቂያ አነሳሁ። ጥርት ያለ። የጋዜጣ ገጽ፣ ጥርት ያለ። የዳቦ ቤቷን ሴትዮ የጋብቻ ፎቶ አነሳሁላት፤ ባሏ ከፎቶው ይልቅ በስካነሩ ያምራል።

የኔታ መጡ። ነጭ።

ምሳ ላይ እትዬ ሥራውን ልየው አለች። አየችው። አንዱን ነጭ ዘግታ ሌላውን ነጭ ከፈተች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔም አላውቅም።"

"አንተ ያለህበት ቤት ውስጥ፣ አንተ የማታውቀው ነገር?"

በእናቴ አልኳት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ፊትም በእናትህ ነበር የማልከው አለችኝ። እውነቷን ነው። መሐላዬን በየቦታው በትኜው ኖሬ ለቁም ነገር ስፈልገው የለኝም።

የኔታ ስላሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የጨረሰችው። እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ከተስተካከለ ተስተካከለ አለች። ካልሆነ ያው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ተጠርጣሪዎች።

ሶፍትዌሩ፦ ነፃ ነው። የኔታ የሚያስቀምጡትን ምስል ለራሱ እየወሰደ ለእኛ ነጩን እየተወ ቢሆንስ? ኢንተርኔቱን ነቅዬ ሞከርኩ። ያው ነጭ። ሳይሄድ የሚሰርቅ ሌባ አላውቅም፤ ግን አይለቀቅም።

ሰላሀዲን፦ ዛሬ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "ወላሂ እሱ ከወጣ ቦታው በጣም ይሰፋል፤ ጠረጴዛዬን እዚያ አደርገዋለሁ" አለ። ከወጣ። ማን ነው የሚወጣው? ከዚህ ቤት እኔ ነኛ የምወጣው። ሲያየኝ ድምጹን ቀነሰ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ጠጣሁት፣ ግን እየጠረጠርኩ።

እትዬ፦ ሰበብ ፈልጋ ይሆናል። የራሷን ሥራ ግን ታበላሻለች? አታበላሽም። ትሰረዝ።

የኔታ፦ ቄስ ይጠረጠራል እንዴ። ትቼዋለሁ።

ማታ ስንዘጋ የኮምፒውተሩ ቀዳዳዎች ላይ ከሹራቤ የነቀልኩትን የሱፍ ክር ለጠፍኩ። ማንም ቢነካው ክሩ ይወድቃል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ክሩ ወድቋል። ሰላሀዲን ላይ ዓይኔን ጣልኩ። በኋላ ሳስበው በሩ ሲከፈት ነፋሱ ነው የሚጥለው። የደብረ ብርሃን ነፋስ እንኳን ክር እኔንም ይጥላል።

ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ሰላሀዲን ለምን አጠፋኸው፣ ምንም አልሆነም እኮ ይለኛል። አንተ በምን አወቅክ ምንም እንዳልሆነ? አልኩት። "አንተ ልጅ፣ ሰው እንዳንተ የሚቀልድ ይመስልሃል" አለኝ።

እትዬ እስከ ማክሰኞ ጨመረችልኝ። የኔታ ስለሚያሳዝኗት ነው እንጂ እኔን ብላ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አየሁ። መጋረጃው ውስጥ እንዳልገባ ተነግሮኛል፤ ግን ገመዱ ላልቷል ብዬ ጎንበስ አልኩና በአንሶላው ሥር አየሁ።

የኔታ ከትከሻቸው ነጭ ጨርቅ አወረዱ። መስተዋቱ ላይ ዘረጉት፣ ጠርዙን በመዳፋቸው አቃኑ። መጽሐፉን ተሳለሙት። ገልጠው በጀርባው አስተኙት፣ ፊደሉ ወደ ላይ። ክዳኑን አልዘጉትም፤ ከመጽሐፉ በላይ ከፍ አድርገው ያዙለት፣ ሰው ለሕፃን ጃንጥላ እንደሚይዝ። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ራሳቸውም ቀጥ ብለው፣ "ሆነ" አሉ።

እኔም ሄጄ ነካሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ነጭ ወጣ። የተጠላለፈው ቀጭን መስመር የጨርቁ ክር ነበር።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አፌን በሹራቤ ያዝኩ። ከዚያ ሳቁ የት እንደሄደ አላውቅም።

ለእትዬ ብነግር ዛሬውኑ ነፃ ነኝ። ግን ፎቶ ነው ያለቻቸው እሷ ናት። ሱቁ ሙሉ ሰው አለ። እሳቸው ይህን ሁሉ ቀን ክዳን ይዘው መቆማቸው ነገ በመናኸሪያው ሁሉ ይወራል። ማን እንደሚያወራው አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔ ነኝ የማወራው።

እትዬ ዛሬስ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬም ነጭ ነው አልኳት። "ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለህ" አለች። እሺ አልኩ። ደነገጠች፤ እሺ ብያት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ነገርኳቸው። ሱቁ ባዶ ሲሆን ጠብቄ፣ ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ።

"የኔታ፣ ይሄ ማሽን ከላይ አይደለም የሚያየው። ከሥር ነው።"

"እንግዲያ በግንባሩ ይደፋ ነው የምትለኝ?" አሉ።

"ለሌላው ወረቀት እንደዚያ ነው የኔታ።"

"አባቴ ይህን መጽሐፍ ጉልበታቸው ላይ እንኳ ደፍተውት አያውቁም።"

አልተቆጡም። ጨርቁን አጣጠፉ፣ መጽሐፉን በማኅደሩ ከተው አንገታቸው ላይ አነገቱ። ሲወጡ እትዬ ከባንክ ስትመለስ በር ላይ ተገናኙ። ነገ ወደ አንኮበር እመለሳለሁ፣ አላስቸግራችሁም አሏት።

እትዬ እኔ ላይ ቆመች። "ምን አልካቸው?" ምንም አልኩ። "ምን ብለህ ነው ያሳዘንካቸው?" ምንም። የስካነሩን መስተዋት መጥረግ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ቀኑ ረጅም ነበር፤ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት ሰላሀዲን ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ምንድን ነው ነገሩ አለኝ። ምንም ላልል አስቤ ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። የእሱም አያት አልዩ አምባ ቁርኣናቸውን ከወገብ በታች አያወርዱም፣ የሚያኖሩት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው አለኝ። ከዚያ ያን የስልክ ወሬውን ጠየቅኩት፤ ማን ሲወጣ ነው ቦታው የሚሰፋው? የሞተው ኮፒ ማሽን ነው አለ። እስካሁን ጓሮ አልወጣም፤ ጥግ ላይ ቆሞ መንገድ ይዘጋል። አመንኩት፣ በአብዛኛው።

"ታዲያ መጽሐፉ ካልተደፋ ማሽኑን እንድፋው" አልኩት። ለቀልድ ነው ያልኩት።

ሰላሀዲን ስካነሩን አነሳ። ክዳኑን ከመታጠፊያው ላይ ነቀለው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋ፣ ስካነሩን ገልብጦ በመስተዋቱ ጋዜጣው ላይ አስተኛው። "ንካው" አለኝ።

ነካሁት። ጋዜጣው ወጣ። ጥርት ያለ።

መናኸሪያ ሮጥኩ። የአንኮበር ሚኒባስ ገና አልሞላም። የኔታ ማኅደሩን እንዳነገቱ መስኮት ጥግ ተቀምጠዋል።

"የኔታ፣ ማሽኑን ደፋነው።"

"ምን አልክ ልጄ?"

"መጽሐፉ እንደተኛ ይተኛል፣ ፊደሉ ወደ ላይ። በግንባሩ የሚደፋው ማሽኑ ነው።"

አዩኝ። ከራስ እስከ እግር። "ቀልደኛ ነው ይሉኛል አንተን" አሉ።

"ነኝ የኔታ።"

"በምን ልመንህ?"

ልምል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። አላውቅም አልኳቸው፤ ምዬም ሰው አያምነኝም፣ ይልቅ መጥተው ይዩት። ረዳቱ ከጎናችን ሆኖ አባቴ ይውረዱ ወይ ይቀመጡ፣ ሰው ይጠብቃል ይላል። የኔታ በትራቸውን ይዘው ወረዱ። "ማሽኑ ይደፋ፤ እሱ ምን ገዶኝ" አሉ።

መጽሐፉን ትራስ ላይ አደረጉት፣ ከሥሩ ነጩ ጨርቅ። ዛሬ መጋረጃ አልተጠየቀም፤ በሩን ዘጋን። ሰላሀዲን ስካነሩን በሁለት ጠርዙ ይዞ መጽሐፉን በእጁ ሳይነካ ቀስ አድርጎ አወረደው። የኔታ ከሰላሀዲን ጣቶች ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። "ሆነ" አሉ።

ወጣ። ቀይና ጥቁር ፊደል፣ ከላዩ እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ምልክት። ላሳድገው ቁልፉን ነካሁት፤ ምልክቱ ማያውን ሞላ። የኔታ ወደ ኮምፒውተሩ መጡ፣ አፍንጫቸው እስኪነካ ጎንበስ አሉ። ከዚያ በጣታቸው እየተከተሉ በዝግታ ማዜም ጀመሩ። ሰላሀዲን ቀጣዩን ገጽ ሊያነሳ ስካነሩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። መስመሩን እስኪጨርሱ ድረስ አላወረደውም።

እትዬ በጓሮ በር ስትገባ ያገኘችን እንዲህ ነው። የኔታ ቀና ሳይሉ "ልጄ ሠናይት፣ ፎቶ ነው ያልሽኝ ዛሬ እውነት ሆነ። ማሽኑ ከሥር እንደሚያይ የነገረኝ ይሄ ልጅ ነው" አሏት።

እትዬ እኔን አየችኝ። መጋረጃውን፣ ጨርቁን፣ የተገለበጠውን ስካነር አየች። ተመልሳ በመጣችበት በር ወጣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

የደነባው ሚኒባስ በሚወጣበት ሰዓት እትዬ ለፕሪንተሩ ቀለም እንድገዛ ላከችኝ። ያውም የከተማው ሌላ ጫፍ። ስመለስ ሚኒባሱ ሄዷል። ለምን ዘገየህ አላለችኝም።

የሚያጠራጥር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የየኔታ መጽሐፍ አለቀ። ፍላሹን በማኅደሩ ውስጥ ከመጽሐፉ ጎን ከተቱት። አንድ ተማሪያቸው አንኮበር ኮምፒውተር አለው፤ እሱን አትመነው፣ አንድ ፍላሽ አንተም ዘንድ ይቀመጥ አሉኝ። እኔ ዘንድ። ሁለቴ አስደገምኳቸው።

እትዬ በር ላይ የሚለጠፍ ጻፍ አለችኝ፦ "የብራና መጻሕፍትን ሳንደፋ እናነሳለን።" ጻፍኩ። አንብባ ወደ መብራት አዞረችው፣ ከጀርባው አየችው፣ ፊደል በፊደል በጣቷ ቆጠረችው። ምንም አላገኘችም። ይኸው ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ይኸው ነው አልኳት። ራሷ ወጥታ ለጠፈችው። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ከመንገድ ማዶ ሆና ደግሞ ማን ሞተ ብላ ጮኸች።

ይህን ሁሉ ገጽ ወደ ኋላ ሄጄ ሳነበው አፈርኩ። አገር የተናወጠ ነው የሚመስለው። የሆነው ግን አንድ አባት መጽሐፋቸውን ሰው እንደሚያነበው አድርገው አስቀመጡ፣ ማሽኑ ደግሞ በሌላ በኩል ያያል። ሌባም የለ፣ ሰላይም የለ። በደቦ የተሠራውም ሶፍትዌር ንጹሕ ነው፤ ይቅርታ ልጠይቀው አድራሻውን አጣሁ።

ማምሻውን እናቴ ከደነባ ደወለች። ምን አዲስ ነገር አለ አለችኝ።

"ምንም። አንድ ስካነር ገልብጠን ነበር።"

"ውይ፣ ተሰበረ?"

"አልተሰበረም።"

"እንኳንም አልተሰበረ" አለችና ስለ በጎቹ ትነግረኝ ጀመር።